ዝንብ የጠራን ዕለት

ሰው በዝንብ ምክንያት ሊበድል ይችላል? ጥያቄው ፈገግ ሳያሰኛችሁ አይቀርም። እኔንም ከአንድ ዓመት በፊት ብትጠይቁኝ ኖሮ እስቅ ነበር። "ስንት ከባድ ነገር ባለበት ዓለም ስለ ዝንብ ታወራላችሁ?" ብዬ አልፋችሁ ነበር። ዛሬ ግን ጥያቄውን ራሴ ይዤላችሁ መጥቻለሁ፤ በቤታችን የሆነ አንድ ነገር ከልቤ አልወጣ ስላለኝ ነው። ነገሩ የጀመረው በአንድ መጫወቻ ጠመንጃ ነው።

አሜሪካ ያላችሁ ወጣቶች ዕቃውን ታውቁት ይሆናል። ጨው የሚተኩስ የዝንብ ጠመንጃ ነው። ሎሬንዞ ማጆሬ የተባለ የካሊፎርኒያ ሠዓሊ ፈልስፎት፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በኢንተርኔት ከሕዝብ በተሰበሰበ ገንዘብ ወደ ገበያ አወጣው። የሚሸጠው "ባግ ኤ ሶልት" በሚል ስም ነው። ከፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ቢጫ ነው፤ ቅርጹ ግን የእውነተኛ ጠመንጃ ነው። ባሩድ የለውም፣ ባትሪም አይፈልግም። ማጠራቀሚያውን ወጥ ውስጥ በምንጨምረው ደቃቅ የገበታ ጨው ትሞሉታላችሁ። ስታቀባብሉት በውስጡ ያለው ሞላ ይጨመቃል። ቃታውን ስትስቡ ሞላው ይለቀቅና የታመቀው አየር ቁንጥር ጨው ይዞ በአፈሙዙ ይወጣል። አንዴ የተሞላው ጨው ለ80 ያህል ተኩስ ይበቃል። ጨዉ ተበትኖ ስለሚሄድ አንድ ሜትር ያህል ርቃ ያረፈችን ዝንብ ይጥላታል፤ ግን አይጨፈልቃትም። ግድግዳውም አይቆሽሽም።

ይህን ጠመንጃ የእህቴ ልጅ 13 ዓመት ሲሞላው የገዛሁለት እኔ ነኝ። ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ቤት እንኖራለን፤ እህቴ፣ ሁለት ልጆቿና እኔ። በዚያ በጋ ደግሞ እናቴ ከጎጃም ልትጠይቀን መጥታ ነበር። በሐምሌ ሙቀት የጓሮው በር ሲከፈትና ሲዘጋ ይውላል። ሥጋ ይጠበሳል፣ ሐብሐብ ይቆረጣል፣ ዝንቡም ይገባል። እህቴ ምግብ ባለበት ቤት መርዝ መንፋት አትወድም። ስለዚህ ስጦታው ጨዋታም ጥቅምም ያለው መሰለኝ። እውነትም ነበረው።

መጀመሪያ የተማርነው አያያዙን ነው። ጨው እርጥበት ይስባል፤ የሜሪላንድ በጋ ደግሞ ወበቅ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ጨዉን እንደሞላን አሳደርነው። በማግስቱ ጨዉ ጓጉሎ ጠመንጃው ባዶ አየር ብቻ ተፋ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ጨዉን መገልበጥ፣ ማጠራቀሚያውን በደረቅ ብሩሽ መጥረግ፣ አፈሙዙን በደረቅ ጨርቅ ማበስ ልማዳችን ሆነ። ጨው ብረት ያዝጋልና የረገፈውን ሁሉ እናነሣለን። እህሉ ሻካራና ትልልቅ የሆነ ጨው ስለሚቀረቅር አንጠቀምም። አቀባብለንም አናስቀምጠውም። የእኛ ጠመንጃ በተቀባበለ ቁጥር መጠበቂያው ራሱ ይቆለፋል፤ መጠበቂያውን ሳትለቁ አይተኩስም። የቤት ሕግም አወጣን፦ ዓይን ይጎዳልና ወደ ሰውም ወደ ውሻም አይደገንም፤ ምግብ በተዘረጋበት አይተኮስም፤ የተኮሰ ይጠርጋል። ልጁ ሁሉንም ጠበቀ። ዕቃውን እንዲህ ሲንከባከብ አይቼ ኮራሁበት። "ኃላፊነት እየተማረ ነው" አልኩ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ቤቱ ጸዳ። እኔም ከሥራ ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ ጠመንጃውን አነሣ ጀመር። ማን ስንት እንደ ጣለ በፍሪጁ በር ላይ እንመዘግብ ነበር። ጨዉ ዝንብን ሁልጊዜ አይገድላትም፤ አንዳንዴ ያደነዝዛታል። በጀርባዋ ወድቃ ስትሽከረከር "ይቺ ትቆጠራለች ወይስ አትቆጠርም?" እያልን እንከራከር ነበር። እስክንስማማ ድረስ እሷ ትሽከረከራለች።

በሦስተኛው ሳምንት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ዝንብ አጣን። ደስ ሊለን ይገባ ነበር፤ ጠመንጃው የተገዛው ለዚህ ነበርና። እኛ ግን ሰለቸን። ልጁ በመስኮቱ ጥግ ድር ያደራችውን ሸረሪት ተኮሳት። ያቺ ሸረሪት ጠመንጃው ከመገዛቱ በፊት ጀምሮ ዝንብ ስትይዝልን የኖረች ነበረች። ከዚያ እኔ፣ ትልቁ ሰው፣ አንድ ሐሳብ አመጣሁ። የሐብሐብ ልጣጭ በረንዳው ላይ አስቀመጥንና የጓሮውን በር ወለል አድርገን ከፈትነው። ከዚያም ቁጭ ብለን ዝንብ እስኪመጣ ጠበቅን።

እናቴ ከማድ ቤት ወጣች። የተከፈተውን በር አየች፣ ልጣጩን አየች፣ እኛን አየች።

"ምን እያደረጋችሁ ነው?" አለች።

"ዝንብ እንዲመጣ ነው፣ እማዬ" አልኳት።

ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ ቆየች። "ልጄ፣ ዝንብ ይጠራል?" አለች። ሌላ አልጨመረችም። ልጣጩን አንሥታ ጣለችና በሩን ዘጋችው።

ምክንያቱን የነገረችን ማታ ቡና ሲፈላ ነው። አያቴ ዓይነ ስውር ሆና እንደ ሞተች አውቅ ነበር። በምን እንደ ታወረች ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። በትራኮማ ነው። ትራኮማ በባክቴሪያ የሚመጣ የዓይን በሽታ ነው። ልጆችን ደጋግሞ ይይዛል፤ በተደጋገመ ቁጥር የዓይንን ቆብ ከውስጥ በኩል ያጠብሰዋል። ከዓመታት በኋላ ጠባሳው ቆቡን ወደ ውስጥ ያጥፈውና ሽፋሽፍቱ በእያንዳንዱ ጥቅሻ ብሌኑን ይፍቀዋል። ካልታከመ መጨረሻው ጨለማ ነው። በእጅ፣ በጨርቅ፣ እንዲሁም የልጆች ዓይንና አፍንጫ ላይ በምታርፍ ዝንብ ይተላለፋል። በዓለም ላይ ይህ በሽታ እጅግ ከበረታባቸው አገሮች ቀዳሚዋ የእኛዋ ኢትዮጵያ ናት።

አያቴ ሕመሙ ሲጠናባት ሽፋሽፍቷን በወረንጦ ታስነቅል ነበር። የምትነቅልላት እናቴ ነበረች፤ ያን ጊዜ የ10 ዓመት ልጅ ናት። "እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር" አለችን፤ "እናቴ ግን 'አይዞሽ፣ ንቀዪው' ትለኝ ነበር።" እኛን ስትወልድ ደግሞ ሥራዋ ከዝንብ ጋር መታገል ሆነ። ውሃ ከምንጭ በጀርባዋ እያመላለሰች ጠዋትና ማታ ፊታችንን ታጥበን ነበር። ስንተኛ በነጠላዋ ጫፍ ታራግብብናለች። አባታችን መጸዳጃ ጉድጓድ እስኪቆፍር ድረስ ዕረፍት አልሰጠችውም። እውነትም ያቺ የዓይን ዝንብ የምትራባው ሜዳ ላይ በሚጣል የሰው ዓይነ ምድር ነው። በእኛ ቤት ዝንብን ለመጥላት ከሁላችንም የበለጠ ምክንያት ያላት እናቴ ናት። ሐብሐቡን ያነሣችውም እሷ ናት።

"እኛ ዝንብ ስናባርር ልጁን እያየን ነው" አለች ስኒውን እያስቀመጠች። "እናንተ ዛሬ ማንን እያያችሁ ነበር?"

መልስ አልነበረኝም። ከዚያች ምሽት ጀምሮ የማስበው መልሱን ነው።

እንዳትሳሳቱብኝ። ዝንብ መግደል ኃጢአት ነው እያልኩ አይደለም። እግዚአብሔር ምድርንና በውስጧ ያለውን እንዲገዛ ለሰው አደራ ሰጥቶታል (ዘፍጥረት 1፥28)። ከቆሻሻ ተነሥታ በልጅ ሳህን ላይ የምታርፍ ዝንብን ማጥፋት የዚያ አደራ ክፍል ነው። የወባ ትንኝን የሚገድል ሰው ንስሐ ይግባ የሚል ካለ፣ ወባ ያልያዘው መሆን አለበት። እንግዲያው ያን ቅዳሜ የሆነው ምንድን ነው?

ከእናንተ አንዱ እንዲህ ሊለኝ ይችላል፦ "ለዝንቧ ምን ልዩነት አለው? ለጤናም ሞተች ለጨዋታ፣ ያው ሞታለች።" ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ለብዙ ቀንም አስቸግሮኛል። አሁን የምመልሰው እንዲህ ነው። ለዝንቧ ልዩነት ላይኖረው ይችላል። ለተኳሹ ግን ሁለቱ አንድ ሥራ አይደሉም። በመጀመሪያው ሳምንት የምንፈልገው ዝንብ የሌለበት ቤት ነበር፤ ጠመንጃው ወደዚያ የሚያደርስ መንገድ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት የምንፈልገው መተኮስን ነበር፤ ዝንብ የሌለበት ቤት እንቅፋት ሆነብን። ከውጭ ለሚያይ ሰው እጃችን ያው እጅ፣ ጨዉም ያው ጨው ነው። ልባችን ግን ዞሯል። የምጠላውን ነገር የምናፍቅ ሰው ሆኜ ተገኘሁ፤ ይህንንም ራሴ አላየሁትም።

ዳዊትን አስቡት። በሳኦል ፊት ቆሞ አንበሳና ድብ እንደ ገደለ ሲናገር ልብ በሉ (1 ሳሙኤል 17፥34–35)። አንበሳ ፍለጋ ጫካ አልገባም። አውሬው ከመንጋው ጠቦት ሲወስድ ተከትሎ ጠቦቱን ከአፉ አስጣለው፤ ሲነሣበትም ገደለው። የታሪኩ መነሻ ጠቦቱ ነው። ጠቦቱን ከታሪኩ ብታወጡት የሚቀረው በጉልበቱ የሚፎክር ጎረምሳ ብቻ ነው።

ከዳዊት ጋር ደግሞ ሌላ ሰው አስተያዩ። እ.ኤ.አ. ከ81 እስከ 96 ሮምን የገዛው ዶሚቲያን ነው። የቤተ ክርስቲያን አባት ኢሬኔዎስ ዮሐንስ ራእዩን ያየው በዚህ ንጉሥ ዘመን መጨረሻ ላይ እንደሆነ ጽፏል። ስዌቶኒየስ የተባለው የሮም ታሪክ ጸሐፊ ደግሞ ስለ ዶሚቲያን አንድ እንግዳ ነገር ይነግረናል። በንግሥናው መጀመሪያ በየቀኑ ለሰዓታት ለብቻው ይቀመጥ ነበር። ሥራው ዝንብ እየያዘ በተሳለ የመጻፊያ ብረት መውጋት ነበር። አንድ ቀን ከቄሳር ጋር ውስጥ ሰው አለ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ አንዱ ሹም ዝንብ እንኳ የለም ብሎ ቀለደ ይባላል። ዓለምን የሚያህል ግዛት በእጁ ነበር፤ የሚፈርደው ፍርድ፣ የሚያበላው ድሃ ነበረው። እሱ ግን በሩን ዘግቶ ዝንብ ይወጋ ነበር። ዶሚቲያን በኋላ የታወቀው በጭካኔው ነው።

"ታዲያ ዝንብ የተኮሰ ልጅ ሁሉ ቄሳር ይሆናል?" ትሉኝ ይሆናል። አይሆንም። በልጅነታቸው ዝንብ ያሳደዱ ስንት ደግ ሰዎች አሉ። እኔ የምለው ከዚያ ያነሰ ነገር ነው፦ ደጋግመን የምናደርገው ነገር የምንወደውን ነገር ያስተምረናል። መክብብ የሞተች ዝንብ የቀማሚውን ሽቱ እንደምታበላሽ፣ ትንሽ ስንፍናም ብዙ ጥበብን እንደምታሸንፍ ይናገራል (10፥1)። ሽቱውን የምታበላሸው ትልቅ ስለሆነች አይደለም፤ ትንሽ ናት ተብላ ስለተተወች ነው።

አልበርት ሽቫይትዘርን አንዳንዶቻችሁ ታውቁት ይሆናል። ሐኪምና የነገረ መለኮት ሊቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1913 ዛሬ ጋቦን ወደምንላት አገር ሄዶ በላምባሬኔ ሐኪም ቤት ከፈተ፤ የ1952 የኖቤል የሰላም ሽልማትም ተሰጥቶታል። በነገረ መለኮት ትምህርቱ በብዙ ነገር ባንስማማም፣ ለሕይወት ሁሉ አክብሮት ሊኖረን ይገባል በሚለው ሐሳቡ ውስጥ አንድ የሚጠቅመን ነገር አለ። ሐኪም ነውና መግደል ግድ የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ ያውቃል፤ ተሕዋስያንን ሳይገድል በሽተኛን አያድንም። ነገር ግን እንዲህ ያስተምራል፦ ገበሬ ለከብቱ መኖ ሺህ አበባ ቢያጭድ አይነቀፍም፤ ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን በመንገድ ዳር ያለችን አንዲት አበባ እንዲሁ ለጊዜ ማሳለፊያ እንዳይቀጥፍ ይጠንቀቅ። ሺሁ የታጨደው ስለሚያስፈልግ ነው። አንዷ ግን ያለ ምክንያት ተቀጠፈች። በእኛ ፍሪጅ በር ላይ የተጻፉት ቁጥሮች መጀመሪያ ላይ ከሺሁ ወገን ነበሩ። በኋላ ግን ከአንዷ ወገን ሆኑ፤ መስመሩን የቱ ጋ እንዳለፍነው ከቁጥሩ ማንም ሊያውቅ አይችልም።

እስካሁን ስለ ዝንብ ነው። አሁን ደግሞ ስለ ጨዉ ላንሣ፤ ለእኛ ለአማኞች ጨው ተራ ነገር አይደለምና።

በመጽሐፍ ቅዱስ ጨው ሁለት ዓይነት እጅ ውስጥ ሲገባ እናያለን። አቤሜሌክ የሴኬምን ከተማ ካፈረሰ በኋላ ጨው ዘራባት (መሳፍንት 9፥45)። ኤልሳዕ ደግሞ በኢያሪኮ ጨው ወደ ክፉው ምንጭ ጣለ፤ እግዚአብሔርም ውሃውን ፈወሰው (2 ነገሥት 2፥19–22)። ጨዉ ያው ነው፤ አንዱ ከተማን ለማጥፋት፣ ሌላው ከተማን ለማጠጣት ተጠቀመበት። ጌታ ኢየሱስም እኛን የምድር ጨው ብሎናል። ጳውሎስ ደግሞ ንግግራችን በጨው እንደ ተቀመመ እንዲሆን ይመክረናል (ቆላስይስ 4፥6)። የተቀመመ ምግብ ለሚበላው ሰው ተብሎ የተሠራ ነው። እኛ ግን ያንኑ ጨው ጠመንጃ ውስጥ ጨምረን መተኮስ እንችላለን።

ይህን የምላችሁ ከሩቅ ሆኜ አይደለም። ከሦስት ዓመት በፊት የወጣቶች የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ስመራ አንድ አዲስ ወንድም ተነሥቶ የተሳሳተ ነገር ተናገረ። ስሕተቱ እውነተኛ ስሕተት ነበር፤ መታረምም ነበረበት። አንድ ጥቅስ ጠቅሼ አረምኩት። ልጆቹ ሳቁ። ሳቁን ስሰማ ግን ማቆም አቃተኝ። ሁለተኛ ጥቅስ ጨመርኩ፣ ሦስተኛ ጨመርኩ፣ አነጋገሩንም አስመስዬ ደገምኩት። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ወንድሜ ፊቱ ቀልቶ ተቀመጠ። በሚቀጥለው ሳምንት አልመጣም፤ ከዚያም በኋላ አልመጣም። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ "የተናገርኩት እውነት ነው" እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። እውነትም ነበር። የመጀመሪያው ጥቅስ ለእሱ ነበር። ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን ለእኔ ነበሩ።

ወጣቶች፣ እስቲ ስልካችሁን አስቡት። የምንቃወመውን አገልጋይ ስብከት የምንከፍተው ለምንድን ነው? አንዳንዴ በእርግጥ መንጋው እንዳይሳሳት ነው፤ ለእውነት መቆም ግዴታችን ነው። አንዳንዴ ግን ስሕተት እስኪናገር እንጠብቃለን፤ ካልተናገረ ቅር ይለናል። የሚነካን ጽሑፍ ለጥፈን የሚቆጣ ሰው እስኪመጣ ቁጭ እንላለን፤ ሲመጣም በአስተያየት መስጫው ሥር እንተኩስበታለን፣ ማን ስንት ላይክ እንዳገኘ እንቆጥራለን። ይህ በረንዳ ላይ ሐብሐብ ማስቀመጥ ነው። ዝንብ እየጠራን ነው። አበው ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። እኛ ግን በሩንም አፋችንንም ከፍተን ዝንብ በዛብን እንላለን።

ራሴን የምፈትንበት አንድ ጥያቄ ከእናቴ ተማርኩ፦ የምዋጋው ነገር ዛሬ ቢጠፋ ደስ ይለኛል ወይስ ይሰለቸኛል? በመንደሯ ያለው የዝንብ ዘር ሁሉ ቢያልቅ እናቴ እልል ትላለች። እኔ ግን ዝንብ ባለቀ ዕለት በር ከፈትኩ። የምትቃወሙት ሰው ነገ ቢመለስ፣ ቢታረም፣ ንስሐ ቢገባ ከልባችሁ "ሃሌ ሉያ" የምትሉ ከሆነ፣ በእጃችሁ ያለው ጨው የኤልሳዕ ነው። የምትናገሩት እንዳለቀባችሁ ተሰምቷችሁ ቅር የሚላችሁ ከሆነ ግን፣ ቃታውን ልቀቁ።

ስለ ጠመንጃው መጨረሻ ሳትጠይቁኝ አትቀሩም። አልጣልነውም። ቤታችን ዛሬም በጋ ይመጣበታል፣ ዝንብም ይገባበታል። ሕጎቹ ግን ተጨመሩ። አንደኛ፣ ጠመንጃው ከመነሣቱ በፊት የቆሻሻ ማጠራቀሚያው ይታጠባል። የቤት ዝንብ በአንድ ጊዜ 100 ያህል እንቁላል ትጥላለች፤ በሙቀት ጊዜ እንቁላሉ በሳምንት ወይም በ10 ቀን ውስጥ የምትበር ዝንብ ይሆናል። በረንዳ ላይ ተቀምጠን አንድ በአንድ ስንቆጥር ምንጩ ከጀርባችን ይፈላ ነበር። እናቴ ይህን ከማንኛውም መጽሐፍ ሳታነብ ታውቀዋለች፤ እሷ ያጠበችው ፊት፣ አባቴ የቆፈረው ጉድጓድ ከስንት ጥይት በላይ ሠርቷል። ሁለተኛ፣ የወደቀች ዝንብ ወዲያው ትገደላለች፤ መቆጠሪያ አትሆንም። ጻድቅ ለእንስሳው ነፍስ እንደሚራራ መጽሐፍ ይናገራል (ምሳሌ 12፥10)። ዝንብ የቤት እንስሳችን ባትሆንም፣ የእኛ ርኅራኄ ግን የእኛው ነው። ሦስተኛ፣ የፍሪጁ ሰሌዳ ተነሣ። አራተኛ፣ ሸረሪት አይነካም።

አምስተኛው ሕግ ስለ ዝንብ አይደለም፤ አሜሪካ የምታድጉ ወንድሞቼ ግን በተለይ ስሙኝ። ይህ ጠመንጃ ከቤት ደጃፍ አይወጣም፤ ቢጫ ቢሆንም አይወጣም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 በክሊቭላንድ ከተማ አንድ የ12 ዓመት ጥቁር ልጅ በመናፈሻ ውስጥ በመጫወቻ ጠመንጃ ሲጫወት፣ የመጣው ፖሊስ በሰከንዶች ውስጥ ተኩሶበት ሞቷል። እኛ ለመጫወቻ የምንይዘው ነገር በሌላው ዓይን ምን እንደሚመስል ማሰብም ራስንና ባልንጀራን የመውደድ ክፍል ነው። የእህቴ ልጅ ይህን ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ "አጎቴ፣ ታዲያ ለምን ገዛህልኝ?" አለኝ። በዚያ ቤት ከተጠየቅኳቸው ጥያቄዎች መልስ ያጣሁለት ይህ ሁለተኛው ነው።

ያን ወንድምም ፈልጌ ደወልኩለት። ቀኑን አልረሳውም፤ ሦስተኛውን ጥቅስ ሳይቀር ያስታውሰዋል። ይቅርታ ጠየቅሁት። ቡና ጠጣን፣ ስለ ሥራው ነገረኝ፣ ስለ እናቴም ነገርኩት። ይቅር ብሎኛል። ወደ ኅብረታችን ግን እስካሁን አልተመለሰም፤ እኔም ና ብዬ አላስጨነቅሁትም። ስለ እሱ መጸለይ ጀምሬያለሁ፤ እናንተም ጸልዩ።

እናቴ በመስከረም ወደ አገሯ ተመለሰች። ከመሄዷ በፊት በነበረው ምሽት የእህቴ ልጅ እንደ ልማዱ ጨዉን ገልብጦ፣ ማጠራቀሚያውን ጠርጎ፣ አፈሙዙን ሲያብስ ተመለከተችው። "ጨዉ ካደረ ይጓጉላል፣ እማማ" ብሎ አስረዳት። "አዎ" አለችው፤ "የሰውም እንዲሁ ነው። ማታ ማታ አራግፈው።" ከዚያ ልጁን አቅፋ ጸለየችለት።

ውድ አንባቢዎች፣ ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ማጠራቀሚያችሁን ገልብጡና እዩት። ቀኑን ሙሉ ስትተኩሱ ማንን እያያችሁ ነበር? ጌታ ለሁላችንም የሚያይ ዓይን ይስጠን።